ሶሎውን አውጡልኝና እንነጋገር

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ "የምንጊዜም አንደኛ ጊታሪስት ማነው?" ብሎ ጠይቆኝ ቦታ ስለጠበበኝ "ጂሚ ሄንድሪክስ፣ አለቀ" ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ለካ አለቀ ያልኩት ነገር ገና መጀመሩ ነው። ቴሌግራሙም ኢሜሉም ሞላ፣ የሰደበኝ አለ፣ የመረቀኝ አለ፣ አንዱማ የድምፅ መልእክት ልኮ 4 ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጊታር ብቻ መትቶ ዘጋው (ጥሩ ነው ወንድሜ፣ ግን ቀጭኗ ክርህ ወርዳለች፣ ቃኛት)። ስለዚ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ለቅቄዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሂሳብ ውስጥ እንዳትከቱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ። እኔና ጓደኛዬ ሰፈር ጸጉር ቤት ተከራክረን ልንኳረፍ ነው። እሱ ጊታር ማለት ኤዲ ቫን ሄለን ነው ባይ ነው፣ እኔ ያንተን ፅሁፍ አይቼ ሄንድሪክስ አልኩ። እሱ ምን ይላል መሰለህ፣ "ፍጥነቱን አይተሃል? ሄንድሪክስ ዛሬ ቢነሳ ዩቲዩብ ላይ ያሉ የ12 ዓመት ልጆች ይበልጡታል"። ጸጉር ቆራጩ ደግሞ መሃል ገብቶ ሳንታና ይላል። ስፔሻል ክትፎ ተወራርደናል፣ ፍረድና ገላግለን።
ሁለቱ ተከራካሪዎች፣ ከጉለሌ

መልስ፦ መጀመሪያ ጸጉር ቆራጩን አትናቁት። ካርሎስ ሳንታና በ1969 ዉድስቶክ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲወጣ 22 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ አልበሙ ገና ገበያ ላይ አልዋለም፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ውጪ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ሲወርድ ግን ያወቀው ዓለም ነው። አንድ ኖታ ይዞ እስኪያለቅስ ድረስ የማይለቅ ሰው ነው። ቆራጩ ጆሮ አለው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የ12 ዓመት ልጅ ይበልጠዋል የሚለው ነገር፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ በቁጥር ከሆነ ልክ ነው። በሰከንድ ስንት ኖታ ካልን የሚበልጡት መዓት ናቸው። ግን አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፣ ዛሬ በዛ ሰዓት የሚገባ ወንድ ትልቅ ማራቶን ላይ ካሜራም አይዞርለትም፣ ታዲያ አበበ ትንሽ ሯጭ ነበር የሚል ሰው ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ ጸጉር ቤቱ ውስጥ እንዳታስገቡት።

ቫን ሄለንን ደግሞ ጓደኛህ በፍጥነት ብቻ ማወደሱ ራሱን ሰውየውን መበደል ነው። በ1978 የወጣችው ኢራፕሽን የምትባለዋ ጊታር ብቻዋን የምትጮህባት ነገር 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ናት፣ እሷን የሰማ ጊታሪስት ሁሉ ቀኝ እጁን ከታች አንስቶ የጊታሩ አንገት ላይ ጣል ማድረግ ጀመረ። ታፒንግ ነው የሚሉት፣ ክሩን መምታት ትተህ በቀኝ እጅህ ጣት እዛው ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተሰመረው ብረት) ላይ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለህ፣ ልክ ፒያኖ እንደሚነካ። እሱ አይደለም የፈጠረው፣ ከሱ በፊትም የሚያደርጉት ነበሩ፣ ከሱ በኋላ ግን የማያደርገው ጠፋ። ጊታሩን ራሱ ከየቦታው በለቃቀመው እንጨትና ዕቃ ገጣጥሞ የሰራ ሰው ነው። በ1982 ደግሞ ለማይክል ጃክሰን ቢት ኢት ላይ ያቺን ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ፊት የሚወጣባትን ክፍል) መትቶ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ይሄ ሁሉ ክብር ይገባዋል።

የኔ መለኪያ ግን ሌላ ነው። ሶሎውን አውጡት። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ነው እንበል፣ ሶሎው ቢበዛ 40 ሰከንድ ነው፣ የቀረውን 3 ደቂቃ ምናምን ሰውየው ምን እየሰራ ነው የቆመው? ብዙዎቹ ሊድ ጊታሪስት የምንላቸው ሰዎች እዛ ጋ ዝም ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ሰርግ ላይ ኬክ እስኪቆረስ እንደሚጠብቅ እንግዳ። ሄንድሪክስ ግን ትልቅ የሆነው እዛው ላይ ነው። ሰው ጊታር ማቃጠሉንና በጥርሱ መምታቱን እያየ እጁን ሳያይ ይቀራል።

እጁን ልንገርህ። ግራኝ ስለሆነ አንገቱን የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው፣ እጁ ደግሞ ረጅም ነው። አብዛኛው ሰው ባሬ ኮርድ የሚሉትን ሲይዝ (ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚጮሁ ድምፆች ናቸው) ሌባ ጣቱን ስድስቱም ክር ላይ እንደ በር መቀርቀሪያ ያጋድመዋል፣ ጣቱ እዛ ታስሮ ቀረ ማለት ነው። እሱ ግን አውራ ጣቱን በላይ በኩል አሻግሮ ወፍራሟን ክር በሷ ይጫናታል፣ በቃ ቤዙ ተያዘ፣ አራቱ ጣቶች ነፃ ወጡ። እነሱ ደግሞ ከታች ኮርዱን ይዘው ሳይለቁ ትንንሽ ዜማ ይጨምሩበታል፣ አንዷ ጣት ትነሳለች፣ አንዷ ታርፋለች፣ አንዷ ትንሸራተታለች። አንድ ሰው ነው ግን ሦስት ሰው ይመስላል። ሊትል ዊንግ የምትለዋን ዘፈን መግቢያዋን ብቻ ስሙ፣ ዘፈኗ በጠቅላላ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ናት፣ መግቢያዋ ላይ ሶሎ ነው ሪትም ነው ብለህ መለየት አትችልም። እኔ እሷን ለመያዝ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁንም መሃሏ ላይ እሰናከላለሁ።

ይሄ ከየት መጣ ብትሉኝ ከኋላ ነው የመጣው። ከመታወቁ በፊት ዓመታት ሙሉ የሰው አጃቢ ነበር፣ ለሊትል ሪቻርድ፣ ለአይዝሊ ብራዘርስ፣ ዘፋኙ ፊት ለፊት ሲያበራ እሱ ከኋላ ቆሞ ሪትም እየመታ። ከዘፋኙ በላይ አትጩህ ተብሎ ያደገ እጅ ነው። በመስከረም 1966 ቻስ ቻንድለር የሚባለው የአኒማልስ ቤዝ ተጫዋች ከኒውዮርክ ወደ ሎንደን ወሰደው፣ ሳምንት ገደማ እንደቆየ ኤሪክ ክላፕተን ካለበት ባንድ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፣ በዛን ጊዜ ክላፕተን በሎንደን ግድግዳ ላይ "አምላክ ነው" ተብሎ የሚፃፍለት ሰው ነው፣ አዲስ መጤው መምታት ሲጀምር ክላፕተን መጫወቱን አቁሞ ወረደ ይባላል። ከዛ ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ባንድ አቋቋመ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ እሱ። ሌላ ጊታር የለም፣ ኪቦርድ የለም። ክፍተቱን ሁሉ የሚሞላው ያቺ አውራ ጣት ናት።

ድምፁም ሌላ ታሪክ ነው። ከሱ በፊት ጊታሩ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ፊት ሲቆም የሚያመጣው ፉጨት ለብዙው ሰው ጥፋት ነበር፣ ሳውንድ ማኑ ይሮጣል። እሱ ፉጨቱን ራሱን ወስዶ ዜማ አደረገው። ዉድስቶክ ላይ የመዝጊያው ሰው ነበር፣ ፕሮግራሙ ተንዛዝቶ ተንዛዝቶ ሰኞ ጠዋት ደረሰው፣ ከ400,000 በላይ የተባለው ህዝብ አብዛኛው ሄዷል፣ የቀረው ጭቃና ቆሻሻ ነው፣ እዛ ላይ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ጀመረና መሃል ላይ አውሮፕላን፣ ቦምብ፣ ሳይረን የሚመስል ነገር አወጣባት። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። ራሱ ደግሞ የ101ኛው አየር ወለድ ወታደር የነበረ ሰው ነው፣ ከአውሮፕላን የዘለለ ነው፣ ስለዚ ድምፁን ከፊልም አይደለም ያመጣው። በ1970 ሲሞት 27 ዓመቱ። ሎንደን ከገባበት እስከሞተበት ቢቆጠር 4 ዓመት ነው፣ አንዳንዱ ሰው ዲግሪ የሚጨርስበት።

ፍርድ፦ ሄንድሪክስ። ክትፎውን ጓደኛህ ይከፍላል። ግን አንድ ነገር ሹክ ልበልህና ለሱ እንዳትነግረው፣ የቫን ሄለንን ሶሎ አውጥተህ ሪትሙን ብቻ ብትሰማ ያስደነግጣል፣ ጓደኛህ ፍጥነት ፍጥነት ከሚል በሪትም ቢከራከርህ ኖሮ ጉድ ሆነህ ነበር። ለጸጉር ቆራጩም አንድ ክትፎ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሄንድሪክስ ጊታሩን ገልብጦ የሚይዘው የግራኝ ጊታር መግዣ አጥቶ ነው የሚባለው እውነት ነው? ደግሞስ ለምን አቃጠለው? ብር ተርፎት ነው?
ግራኙ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ ልጅ ሆኖ እውነትም ድሃ ነበር። ሲያትል ውስጥ መጥረጊያ እንደ ጊታር ይዞ ይጫወት ነበር፣ ቀጥሎ ቆሻሻ መሃል አንድ ክር ብቻ የቀረላት ዩኩሌሌ አገኘ፣ በ15 ዓመቱ ነው በ5 ዶላር ያገለገለ ጊታር የተገዛለት። ከታወቀ በኋላ ግን የፈለገውን መግዛት ይችላል፣ እጁ የለመደውን ነው የያዘው። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ክሮቹን ደግሞ አቀያይሮ ያስራቸዋል፣ ወፍራሟ ወደ ላይ እንድትሆን። ክሩን ሳይቀያይር እንዳለ ገልብጦ የሚመታው ሌላ ሰው ነው፣ አልበርት ኪንግ፣ ሁለቱን አታምታታቸው። የገለበጠው ስትራቶካስተር የሚባለው ጊታር ላይ ደግሞ ድልድዩ ጋ ያለው ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው) ሰያፍ ስለሆነ ስትገለብጠው ሰያፍነቱም አብሮ ይገለበጣል፣ ወፍራሞቹ ክሮች ጠራ ይላሉ፣ ቀጫጭኖቹ ለስለስ ይላሉ። ድምፁ ውስጥ ያ አለበት።

ማቃጠሉን በተመለከተ፣ በሰኔ 1967 ሞንተሬ ፌስቲቫል ላይ ነው ዓለም ያየው። ሾው ነው ወንድሜ፣ ሾው። እኔ በግሌ ጊታር ሲቃጠል ማየት ሆዴን ይረብሸዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው መልስህ ላይ አንድ ወንድ ጠራህ፣ ዛሬም እርግጠኛ ነኝ አስር ወንድ ትደረድራለህ። ሴት ጊታር ነክታ አታውቅም እንዴ? እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ባንድ ውስጥ ልግባ ብዬ "ለምን አትዘፍኚም" ተብዬ ነው የተመለስኩት።
ጊታሯን የሸጠችው፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ አስር ልደረድር ነበር፣ አልዋሽሽም። መሸጥሽ ግን አናዶኛል።

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 የ100 ምርጥ ጊታሪስቶች ሊስት ሲያወጣ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ጆኒ ሚቼልና ጆአን ጄት። ከመቶ ሁለት! በ2023 ደግሞ 250 ሰው ያለበት አዲስ ሊስት አወጡ፣ ሄንድሪክስ እንደገና አንደኛ፣ ቸክ ቤሪ ሁለተኛ፣ በ2011ዱ ሊስት ሁለተኛ የነበረው ክላፕተን ከአስሮቹ ውስጥ እንኳን የለም፣ ስድስተኛዋ ግን ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ናት። በ2003 ከመቶው ውስጥ ያልነበረች ሴት በ2023 ስድስተኛ። ሴትዮዋ ደግሞ የሞተችው በ1973 ነው፣ በመሃል አዲስ ነገር አልተጫወተችም። የተለወጠው ጆሯቸው ነው።

ሮዜታ በ1915 አርካንሶ ውስጥ ኮተን ፕላንት የምትባል ቦታ ተወለደች፣ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ቸርች ለቸርች እየዞረች ጊታር እየመታች ስትዘምር ነው ያደገችው። ቸርች ውስጥ ጊታር የነካ ሰው ይሄን ይረዳዋል፣ እዛ ህዝቡ ቁጭ ብሎ ሊያደንቅሽ አይደለም የመጣው፣ ሊዘምር ነው፣ እጅሽ ሪትሙን ከለቀቀ ጉባኤው በሙሉ አብሮሽ ይወድቃል። ጥርት ያለ እጅ የሚወጣው ከዛ ነው። በ1938 ሸክላ ማስቀረፅ ጀመረች፣ በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ ድምፁን እስኪሰነጣጠቅ ከፍ አድርጋ መንፈሳዊ መዝሙር ትመታለች፣ ሮክ ኤንድ ሮል የሚባል ስም ገና ሳይለመድ። ሊትል ሪቻርድን ልጅ እያለ መድረክ ላይ ያወጣችው እሷ ናት፣ ሊትል ሪቻርድ ደግሞ የሄንድሪክስ አለቃ የነበረው ነው። ክሩ ወዴት እንደሚሄድ አየሽ?

አንድ ነገር ብቻ ፈልጊና እይ። በ1964 ማንቸስተር፣ ባቡር የማይቆምበት አሮጌ ጣቢያ፣ የቴሌቪዥን ቀረፃ ነው፣ ተመልካቹ ከሀዲዱ ወዲያ ማዶ ተቀምጧል፣ እሷ በፈረስ ጋሪ መጥታ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ወረደች፣ ዝናብ ጥሏል፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ነጭ ጊታር አንገቷ ላይ አጠለቁላት፣ ልክ የእሁድ ነጠላ እንደሚስተካከል ማንጠልጠያውን አስተካከለችና ጀመረች። 49 ዓመቷ ገደማ ነው። ሶሎውን ስትገባበት ፊቷ ላይ ምንም ጭንቀት የለም፣ ሰፈር ውስጥ ቡና እንደምትቀዳ ሴትዮ ነው። እሷ ጋ ሶሎውን ብታወጪው የሚቀረው ራሱ ሙሉ ባንድ ነው። ከሞተች በኋላ መቃብሯ ስንት ዓመት ስም ሳይፃፍበት ኖሯል፣ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ውስጥ ያስገቧት ደግሞ በ2018 ነው።

ጊታር ግዢ። ያገለገለም ቢሆን።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ጊታር ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ። ጣቶቼ አጫጭር ናቸው። ኤፍ ኮርድ በጭራሽ አልወጣ ብሎኛል፣ ክሮቹ ይታፈናሉ። የሚያስተምረኝ ሰውዬ "ያንተ እጅ ለጊታር አልተሰራም፣ ኪቦርድ ሞክር" አለኝ። ልተወው?
ተስፋ የቆረጠው፣ ከአዳማ

መልስ፦ አስተማሪህን ተወው፣ ጊታሩን አትተው።

ጃንጎ ራይንሀርት የሚባል ሰው ነበር፣ ቤልጅየም ውስጥ በ1910 የተወለደ፣ በሰረገላ ቤት እየዞሩ ከሚኖሩት ከሮማ ህዝብ ወገን። በ1928 አንድ ማታ ቤታቸው የሆነው ሰረገላ ተቃጠለ። ሚስቱ ለሽያጭ የምትሰራቸው ከሴሉሎይድ የተሰሩ አበቦች ነበሩ፣ የሻማ እሳት ነካቸው፣ ሴሉሎይድ ደግሞ እንደ ቤንዚን ነው። ተረፈ፣ ግን የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፣ የቀለበት ጣቱና ትንሿ፣ ተጨማደው ቀሩ። ዓመት ከምናምን አልጋ ላይ ሆኖ ወንድሙ ባመጣለት ጊታር ከዜሮ ጀመረ፣ በሁለት ጣት። ሌሎቹ አንገቱን በአግድም ሲሞሉት እሱ በቁመቱ መሮጥ ለመደ፣ ሁለቱ ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች እንደ ሸረሪት ይሄዳሉ፣ የደረቁት ሁለቱ ኮርድ ላይ ብቻ ትንሽ ደገፍ ያደርጋሉ። በ1934 ፓሪስ ላይ ከቫዮሊኒስቱ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ባንድ አቋቋመ፣ ድራም የሌለው ጃዝ፣ ሁሉም ክር። በ1937 የተቀዳችውን ማይነር ስዊንግ ስማትና አምስት ጣት ያለው ሰው ምን እንደሚሰራ ግራ ይግባህ።

ታሪኩ እዛ አያልቅም። በ1965 በርሚንግሃም ከተማ የ17 ዓመት ልጅ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የመጨረሻ የስራ ቀኑ ላይ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ቶኒ አዮሚ ነው። ጊታር አበቃ ብሎ ተቀምጦ የፋብሪካው አለቃ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ፣ ስማው አለው፣ የጃንጎ ነበር። ልጁ ከፕላስቲክ የሳሙና ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሰራ፣ ላዩን ቆዳ ለበጠበት፣ ወፍራም ክር ሲያመው ቀጭን አሰረ፣ በኋላ ላይ ደግሞ ክሩን አውርዶ ቃኘው፣ ከዛ ብላክ ሳባዝ ከሚባለው ባንዱ ያ ጥቁር ከባድ ድምፅ መጣ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለው። እንግዲህ አለቃ ማለት እንደዛ ነው፣ ካንተ አስተማሪ ጋር አወዳድረው።

አሁን ኤፍ ኮርድህን። መጀመሪያ ጊታሩን እይ፣ ጣትህን አይደለም። ርካሽ ጊታር ላይ ክሩ ከእንጨቱ ብዙ ይርቃል፣ እሱን ሄርኩለስም አይጫነውም፣ ጊታር የሚጠግን ሰው ጋ ወስደህ ክሩን ዝቅ አስደርገው፣ ቀጭን ክር አሳስር። ቀጥሎ ስድስቱንም ክር አትያዝ፣ ታች ያሉትን አራቱን ብቻ ያዝ፣ በሌባ ጣትህ ሁለቱን ቀጫጭኖች፣ በመሃል ጣት ሦስተኛዋን፣ በቀለበት ጣት አራተኛዋን። ያም ኤፍ ነው፣ ማንም ፖሊስ አይጠራብህም። እኔ ሙሉውን ለማውጣት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ አከራዬ ግድግዳ ደብድባ "ዛሬም ያቺው ናት?" ትለኝ ነበር። ሶሎ ለመልመድ ደግሞ አትቸኩል፣ ሁለት ኮርድ ይዘህ ሰው እስኪወዛወዝ ድረስ መምታት ቻል መጀመሪያ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሁሌ ፈረንጅ ብቻ ነው የምታነሱት። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ መኪና ውስጥ የድሮ ካሴት ዘፈን እያዳመጥኩ ነው የምውለው፣ ከዘፋኙ ኋላ ያለው ጊታር አንዳንዴ መንገድ ያስተኛል። ስሙን ግን ማንም አይነግረንም።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ ነው ከሁሉም ልቤን የነካው፣ ምክንያቱም መለኪያዬን ራሴ ረስቼው እንደነበር ነው ያስታወስሽኝ። ሶሎውን አውጡ ስል ኖሬ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ሶሎ የቆሙትን ሰዎች ዘለልኳቸው።

የምታዳምጪው ካሴት የአይቤክስ ወይ የሮሃ ባንድ ከሆነ ስሙ ሰላም ስዩም ነው፣ ሰላም ስዩም ወልደማርያም። በ1975 የወጣውን የማህሙድ አህመድን ኤረ መላ መላ ያጀበው አይቤክስ ነው፣ በኋላ ሮሃ ሆነው ያጀቡት ዘፋኝ ብዛት ለመቁጠርም ያስቸግራል። ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ ነው። እስቲ ነገ መኪና ውስጥ ማህሙድን ለአምስት ደቂቃ ይቅርታ ጠይቂውና ድምፁን ትተሽ ከኋላው ብቻ ስሚ። ጊታሩ ችክችካውን ይዞ ቁርጥ ቁርጥ ያደርጋል፣ አጭር፣ ደረቅ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ ብቅ ብሎ አንድ ሐረግ ጥሎ ይመለሳል፣ ክራር ደርዳሪ እንደሚያደርገው። ከዘፋኙ ላይ አንዲት ሰከንድ አይሰርቅም። የዋልያስ ባንድን የ1977 ሙዚቃ ካገኘሽ ደግሞ ጊታሩን የያዘው ማህሙድ አማን ነው፣ እሱንም ስሚው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የቅኝት ሰዎች እንዳትጮሁብኝ። የብሉዝ ጊታሪስት ከቢቢ ኪንግ እስከ ሄንድሪክስ መነሻ የሚያደርገው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል እኛ ጋ ባቲ ማይነር ከምንለው ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። እውነት፣ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብለሽ ብትቆጥሪያቸው ያው አምስቱ ናቸው። አካሄዱ ይለያያል፣ የሚያርፍበት ይለያያል፣ ብሉዙ በኖቶቹ መሃል ክሩን እየሳበ ያለቅሳል፣ እኛ ደግሞ በሌላ መንገድ እናለቅሳለን። ለዛ ነው ብሉዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ያገሬ ሰው "ይሄን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ" የሚለው።

ከዓለም አንደኛ ነው ወይ ሰላም ስዩም? ሊስት ላይ አታገኚውም። እኔ ግን የዘፋኝ ጀርባ መያዝ የሚችል አንድ ጊታሪስት ምረጥ ብባል ፓስፖርቱን ሳላይ እመርጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሃል። 74 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ አስመራ ነበርኩ፣ ከቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖቹን ሬዲዮ በድብቅ እንሰማ ነበር፣ ቢቢ ኪንግን የሰማሁት እዛ ነው። እንግሊዝኛ አልገባኝም ግን ሰውየው ችግር እንዳለበት ገባኝ። አንተ ጣት ትቆጥራለህ፣ ኮርድ ትቆጥራለህ። ቢቢ ኪንግ አንድ ኖታ ነው የሚመታው። ከሱ የሚበልጥ ካለ ንገረኝ።
ጋሼ የሚሉኝ፣ ከቢሾፍቱ

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል። እርስዎ ጋ ስደርስ ነገሩ ተበላሸብኝ።

ቢቢ ኪንግ ኮርድ ላይ ደካማ ነኝ ብሎ በራሱ አፍ የተናገረ ሰው ነው። እየዘፈነም ጊታር አይመታም፣ ሲዘፍን እጁ ያርፋል፣ ዘፈኑን ሲያቆም ጊታሩ ይመልስለታል፣ አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ ማሲንቆው እንደሚቀበለው። የሚመልሰው ደግሞ እርስዎ እንዳሉት አንዳንዴ አንድ ኖታ ነው፣ ክሩን ይጫንና ጣቱን ሳያነሳ እጁን ብቻ ያርገበግበዋል፣ የታሰረ ወፍ ክንፍ ይመስላል፣ ኖታዋ እንደሰው ድምፅ ትንቀጠቀጣለች። ሬዲዮ ላይ አንዷን ኖታ ሰምተው ማን እንደሆነ ያውቁታል፣ ስሙ ሳይጠራ።

ጊታሩን ሉሲል የሚለው ለምን እንደሆነ ያውቁ ይሆናል። በ1949 የብርድ ወራት ነው፣ ትዊስት የምትባል የአርካንሶ መንደር ውስጥ ጭፈራ ቤት እየተጫወተ ነው፣ ቤቱን ለማሞቅ መሃል ላይ በርሜል ውስጥ ላምባ ይነዳል፣ ሁለት ሰዎች ተደባድበው በርሜሉን ገለበጡት፣ ቤቱ ተያያዘ፣ ሁሉም ወጣ፣ እሱም ወጣ፣ ከዛ ጊታሩን ትዝ አለውና እሳቱ ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። በነጋታው ሰዎቹ የተጣሉት ሉሲል በምትባል ሴት ነው ሲሉት፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳልሰራ ብሎ ጊታሩን በስሟ ጠራት። ከዛ በኋላ የያዛቸው ጊታሮች ሁሉ ሉሲል ናቸው። ሄንድሪክስ ያቃጥላል፣ ይሄኛው ከእሳት ያወጣል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ሶሎውን አውጡልኝ እያልኩ ስፎክር ነው የዋልኩት፣ ቢቢ ኪንግ ጋ ሶሎውን ባወጣው ግን ጊታር የሚባል ነገር አይተርፍም፣ ሰውየው ራሱ ነው የሚወጣው። መለኪያዬን ሰብረውብኛል፣ የሚተካው እስካሁን አልመጣልኝም።

የጉለሌ ልጆች፣ ክትፎውን ካላዘዛችሁ ትንሽ አቆዩት። ካዘዛችሁም ለጋሼ አንድ ቦታ ያዙ።